ጽዋው ቤታችን የመጣ ዕለት

ታዴዬ፣ የኔ ሆድ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ። ልጃችን ሜሮን ወንድ ልጅ ወልዳ፣ እዚሁ ሰሚት እኔ ጋ ታርሳ ወደ ቤቷ የካ አባዶ ተመለሰች። ሕፃኑ ምግብ ጀምሯል። ትን ባለው ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ ስል፣ «እማዬ፣ ሕፃን እኮ ነው!» እያለች ትስቅብኛለች። ምን ላድርግ? ትንታ ስሰማ የምትታየኝ አንተ ነህ።

ጉሮሮህ ላይ ካንሰር አለ ሲሉን የፈራነው ሞትን ነበር። መዋጥ እንዲህ እንደሚከብድ ማን አስቦ? የጨረር ሕክምናው ሲጀመር ምራቅህ ደረቀ፤ ውሃ እንኳ እንደ እሾህ ወጋህ። በአፍንጫህ የምግብ ቱቦ ገባ። ሕክምናው አልቆ ቱቦው ሲወጣ እንደ ድሮው የምትበላ መስሎን ነበር። ቡላውን አቅጥኜ ሳቀርብልህ ግን፣ አንዷን ማንኪያ ትን እንዳትልህ አገጭህን ደረትህ ላይ ደፍተህ፣ ደጋግመህ እየዋጥክ ነበር የምታወርዳት። ክትፎ ባየህ ቁጥር አስችሎህ የማያውቀው ሰውዬ!

ሰው ፊት መብላት ተውክ። አንድ እሁድ የጌታን እራት ስትወስድ ትንታ ይዞህ ጉባኤው ሁሉ ዞሮ ካየህ ወዲህ፣ ቤተክርስቲያንም ቀረህ። «ኅብስቱንም መዋጥ ካቃተኝ ምን ልሠራ እሄዳለሁ?» አልከኝ።

ሳልነግርህ ለመጋቢው ነገርኩት። እሁድ ከሰዓት የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እያለከለከ ወጥቶ መጣ። ኅብስቱን በጣቱ አድቅቆ በጽዋው አራሰውና፣ «ጋሽ ታደለ፣ ቀስ ይበሉ። ጌታ አይቸኩልም» አለህ። አገጭህን ደፋህ። ዋጥክ፤ ደገምክ፤ ወረደ። አላሳለህም። ፊትህን በእጆችህ ሸፍነህ አለቀስክ፤ መጋቢውም አላስቻለውም።

ከዚያ ወዲያ ብታስልም ግድ አልነበረህም፤ እንግዳ ፊት ማንኪያህን ታነሳ ነበር። በሽታው ሲያገረሽ ግን ውሃም አልወርድ አለ። ከንፈርህን በጥጥ ማርጠብ ብቻ ቀረኝ። እንዳላስጎመጅህ ብዬ ወጥ ቤት ተደብቄ ስበላ አውቀህ ጠራኸኝ። «እዚህ ተቀምጠሽ ብዪ፤ ስትበዪ ልይሽ» አልከኝ፣ በዚያች ባለቀች ድምፅህ። አልጋህ ዳር ተቀምጬ ከእንባዬ ጋር በላሁ። እስክጨርስ ዓይንህን አልነቀልክም።

ታዴዬ፣ ብቻዬን ስሆን ምግብ አያሰኘኝም። ቢሆንም አልጋህ ወደነበረበት ዞሬ እቀመጥና እስከ መጨረሻው ጉርሻ እበላለሁ። እስካለሁ ድረስ እንዲህ አስብሃለሁ።

አልማዝህ