በካርቶኑ ቤት ያስቀመጥኳቸው ቤተሰቦቼ

ሰኞ

አባቴን ሶፋው ላይ፣ እናቴን ማድ ቤቱ ውስጥ፣ ታላቅ እህቴን ብርቱካንን መስኮቱ አጠገብ፣ ታናናሾቼን ታሪኩንና ምሕረትን መኝታ ቤታቸው፣ እንግዳ የማይጠፋን ሰዎች ስለሆንን አጎቴን ጋሽ ደሳለኝን ደግሞ በረንዳው ላይ፣ ሁሉንም በየቦታቸው በሙጫ አጣበቅኋቸው። ስጨርስ እንደምን ዋላችሁ አልኳቸው። ስቱዲዮው ውስጥ ሰው አለመኖሩን አስቀድሜ አረጋግጫለሁ።

ቦንጋ ካሉት ቤተሰቦቼ ጋር ከተያየን ዓመት አልፎናል። የአራተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ሥራችን ለምናውቀው ቤተሰብ አቅሙ የሚችለውን ቤት ነድፈን ሞዴሉን ማቅረብ ነው። ግምገማው ዓርብ ነው። ካላለፍኩ ትምህርቱን ለመድገም አንድ ዓመት እጠብቃለሁ። ይህን ለቤት አልነገርኩም።

አጠገቤ የሚሠራው ሀብታሙ ከሰዓት መጥቶ አየው። «አንተ፣ ይሄ ሲኤምሲ ያለ ቪላ ነው እንዴ? ሰው ይንሸራሸርበታል» አለኝ። ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ደስታዬ አላደረም። ትንንሾቹን ሰዎች የሰጠኝ ሀብታሙ ነው፤ ከራሱ ሞዴል የተረፉ ናቸው። የእሱ ሞዴል ከእውነተኛው ቤት መቶ ጊዜ ያነሰ ነው፣ የእኔ ግን ሃምሳ ጊዜ። ቤተሰቤ በሙሉ በግማሽ ቁመቱ ነው የገባው። ቤቱ ሰፊ የመሰለውም ለዚህ ነው። አባቴ ከሶፋው ትራስ አይበልጥም።

«ተዋቸው ባክህ፣ ማን ይለካቸዋል?» አለ ሀብታሙ።

መምህራችን ዶክተር ሰናይት እንደሚለኩ አውቃለሁ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ጉጉቱ አሸነፈኝ፤ እናቴ በትክክለኛ ቁመቷ ብትገባ ምን ትሆናለች? አዲስ ሰዎች ቆረጥኩ። ማድ ቤቱ ውስጥ አቆምኳት። ምድጃው ጋ ከቆመች በሩ አይከፈትም።

ረቡዕ

ኢምፔሪያል አካባቢ ካለ ሱቅ ካርቶን ገዝቼ ተመለስኩ። የምኖረው ገርጂ፣ አከራዬ እትዬ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ ካሉት ሰርቪስ ክፍሎች በአንዷ ነው። ሰው የሚኖርበት ማድ ቤት ስንት እንደሚሰፋ ለማየት ትልቁን ቤት እንድለካ ፈቃድ ጠየቅኋቸው።

«ልትገዛው ነው?» አሉኝ።

«ለትምህርት ነው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ለካ። ሳሎን ስትገባ ግን ጫማህን አውልቅ።»

ሳሎኑ የቤቱን ግማሽ ሊወስድ ምንም አልቀረውም። የሶፋው ላስቲክ እስካሁን አልተነሳም። ቤተሰቡ ያለው ግን ማድ ቤቱና ኮሪደሩ መካከል ነው። ባለቤታቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ፣ ሴት ልጃቸው መሬት ተቀምጣ ታጠናለች፣ እሳቸው ሽንኩርት ይልጣሉ።

«ሳሎኑ ውስጥ መቼ ትቀመጣላችሁ?»

«እንግዳ ሲመጣ ነዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»

የእኛም ቤት እንዲሁ ነው። ተወልጄ አድጌበት ልብ ብዬው አላውቅም።

ሐሙስ

በሳሎኑና በማድ ቤቱ መካከል ያለውን ግድግዳ አነሳሁ። ከሳሎኑ ሲሶውን ለማድ ቤቱ ሰጠሁ። እናቴ መዞሪያ አገኘች፤ አባቴም አጠገቧ ተቀምጦ ሊያወራት ይችላል። የቤቱ ስፋትም ሆነ ወጪው አልጨመረም። ጣቴን ቆርጬዋለሁ፤ ደሙ ሞዴሉን አልነካውም።

ዓርብ

ዶክተር ሰናይት መጀመሪያ ያደረጉት ሰዎቹን በማስመሪያ መለካት ነው። ትክክል ሆነው አገኟቸው። ሀብታሙ ከኋላ ሆኖ ጎኔን ነካ አደረገኝ።

ከውጭ የተጋበዙት ሽማግሌ ገምጋሚ ወደ በረንዳው እያመለከቱ «ይኼ ማነው?» አሉ።

«አጎቴ ነው።»

«አጎትህ ሲመጣ ሽንኩርት የሚላጥበት ልታስቀምጠው? አባትህ አያፍርም?»

«እናቴ ግን መዞር ትችላለች» አልኩ። የሳቁ ነበሩ።

ዶክተር ሰናይት አልሳቁም። «ቤቱ የማነው?»

«የቤተሰቤ።»

«ጠይቀሃቸዋል?»

አልጠየቅኋቸውም። በሩንና መስኮቱን ሁሉ ለክቼ፣ እነሱን አልጠየቅኩም።

ውጤቴን እስከ ሰኞ አቆይተውታል። ቤተሰቤ ይስማሙም አይስማሙም፣ ያሉትን ይዤ ቤቱን እንደ መልሳቸው አስተካክዬ እንድቀርብ ነገሩኝ። ያለ መልስ ከመጣሁ ሥራው እንዳላለቀ ይቆጠራል። ወድቀሃል አላሉኝም፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ እየነገርኩ ነው።

ሞዴሉን ፎቶ አንስቼ ለብርቱካን ላክሁ። ከሥሩ የጻፍኩት ይህ ነው፦

«ብርቱካን፣ ለአባዬ አሳዪው። እንግዳ ባለበት እማዬ ፊት ለፊት ስትሠራ ብትታይ ይከብደዋል ወይ? እማዬን ለብቻዋ ጠይቂያት። እኔን ደስ ለማሰኘት ብለው እሺ እንዳይሉ። ጋሽ ደሳለኝም ካለ እሱንም። እሺም አሉ እምቢ፣ ያለ መልሳቸው አላልፍም፤ መልሱን እስከ ነገ ላኪልኝ።»