ለአሥራ አራቱ ዛፎች የጻፍኩት ቃል

ለተወደድሽው እህቴ ለዶርካስ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናሽን እጠይቃለሁ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘልሽን ከዘራ ትይዣለሽ ወይስ እንደ ልጅነትሽ እልህ ይዞሽ ከበር ጀርባ ጥለሽዋል? የባለቤትሽ የኮሊን ሳልስ ለቀቀው? ታስማኒያ በጋው እያለቀ ነው መሰለኝ፤ ሙቀቱ አላሠቃያችሁም ወይ? እኔ ከወገቤና ከግራ ጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ሰማንያ ሦስት ዓመት ሞልቶኝም ማገዶዬን የምፈልጠው ራሴ ነኝ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ «በሜይ ስመጣ ዛፌ ቆሞ ልየው፤ ከዚህ በኋላ የምመለስ አይመስለኝም» ብለሽ ነበር። ዛፍሽ ተቆርጧል። ዙሪያ ጥምጥም መሄድ እንደማልችልበት ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ይህንኑ አስቀደምኩ። እንዴት እንደተቆረጠ ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኔ ስሚው፤ ያስቆረጠውን ቃል የጻፍኩት እኔ ነኝና።

አባታችን ከቤታችን እስከ ጸሎት ቤቱ በመንገድ ዳር የተከላቸው አሥራ አራቱ የአሽ ዛፎች በሽታው እንደገባባቸው ከሁለት ዓመት በፊት ጽፌልሽ ነበር። ከጫፍ ይጀምርና ቅጠሉን ያራግፈዋል፤ ቀጥሎ ቅርንጫፉ እንደ ብስኩት ይሰበራል። መድኃኒት የለውም። በኦክቶበር ከመንገድ ጽሕፈት ቤቱ ሚስ ፔል የምትባል ወጣት መጣች። የሰው እጥረት ስላለባቸው፣ ዛፎቹንም ከእኔ የበለጠ የሚያውቃቸው ስለሌለ፣ ቅጹን እንድሞላላት ጠየቀችኝ። ቅጹ፣ «የበሽታውን ስፋት ለጠቅላላው ረድፍ በአንድ ቅጽል ይግለጹ» ይላል። ከጀርባው አራት ቅጽሎች ታትመዋል፤ የተበታተነ፣ ሰፊ፣ የተንሰራፋ፣ ሁሉን አቀፍ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በአሥራ አምስት ዓመቴ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ድንጋይ ፈለጣ ብገባም፣ ቃል በዘፈቀደ አንስቼ አላውቅም። መዝገበ ቃላቴን በብብቴ ይዤ ከዛፍ ወደ ዛፍ ስዞር ጎረቤታችን ቤሲ ኦቲዌል ከአጥሯ ማዶ ሳቀችብኝ። «ፕሮፌሰሩ! የምታክመው ዛፍ ነው ወይስ ቃል?» አለችኝ። ነገሩን ስነግራት ደግሞ፣ «የተበታተነ በልና ተገላገል! እሱን የጻፈ ሰው ዛፉን ሁለት ዓመት አይነኩበትም አሉ። እህትህ መጥታ ትየው፤ ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉት» አለችኝ። ውሸት ነው ብላት፣ «አንተ ግትር! ቅጽ ነው እኮ፣ ወንጌል አይደለም» ብላ በሯን ዘጋችብኝ።

ቤሲን ሰምቼ ቢሆን ዛፍሽ ዛሬም ቆሞ ይገኝ ነበር። ነገር ግን በዚያው ሳምንት ከአራተኛው ዛፍ ጭኔን የሚያህል ቅርንጫፍ ወድቆ መንገዱን ዘጋው። ከቤሲ ባል ጋር ጎትተን ባነሣነው በአሥር ደቂቃው የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ አለፈ። ልጆቹ በመስኮት እጃቸውን እያወዛወዙልን ነበር። ከዚያ በኋላ «የተበታተነ» ብዬ መፈረም አልቻልኩም።

«ሰፊ» የሚለውን ተውኩት፤ ሰፊ ሜዳ ነው፣ ሰፊ ጠረጴዛ ነው፣ በሽታው ምን እንዳደረገ አይናገርም። «ሁሉን አቀፍ» ደግሞ ውሸት ይሆን ነበር፤ አሥራ ሁለተኛው፣ የአንቺው ዛፍ፣ ንጹሕ ነበርና። አንቺ ሰባት ዓመትሽ ሳለ ችግኙን ይዘሽለት፣ አባታችን አፈሩን ሲመልስ በትንሿ ቦቲሽ የረገጥሽለት ያ ዛፍ አንዲት የደረቀች ጫፍ አልነበረችበትም። የቀረው «የተንሰራፋ» ነው። የተንሰራፋ ነገር በየቦታው ይገባል፣ ግን መሃል ላይ አንድ ነጻ ቦታ ሊተው ይችላል። ያን ቃል የመረጥኩት ለአንቺ ዛፍ ቦታ ስለሚተውለት ነው። አንብበው ይመጣሉ፣ አንድ በአንድ ያዩታል ብዬ አሰብኩ። በኅዳጉም ላይ «አሥራ ሁለተኛው ንጹሕ ነው» ብዬ ጨመርኩና ፈረምኩ።

በጃንዋሪ ረድፉ በሙሉ ይቆረጣል የሚል ወረቀት መጣ። በአውቶቡስ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄድኩ። ሚስ ፔል ወደ ሌላ ሥራ ተዛውራለች። በቦታዋ ያገኘሁት ልጅ በትሕትና አነጋገረኝ። በኅዳግ የተጻፈ ነገር ወደ ኮምፒውተሩ አይገባም አለኝ። ቀጥሎም፣ «ሚስተር ሄይዉድ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ቃል ለእኛ ያው ናቸው፤ ሁለቱም ይቆረጥ ማለት ነው» አለኝ። አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት አድርጋችሁ አተማችኋቸው ብዬ ስጠይቀው፣ «እኔ አላተምኩትም፣ ጌታዬ» አለ። ልጁም እውነቱን ነው። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው፤ ሁለት ጊዜም ደብዳቤዎ ደርሶናል የሚል መልስ አገኘሁ።

ባለፈው ማክሰኞ መጋዝ ይዘው መጡ። ወንበሬን አውጥቼ ከዛፍሽ ሥር ተቀመጥኩ። አሥራ አንዱን ሲጥሉ እዚያው ነበርኩ። የቆራጮቹ አለቃ ወደ እኔ መጣና፣ «አባባ፣ ሻይ ልቅዳልዎት፣ ግን ይነሱልኝ» አለ። ይህ ጤነኛ ነው ብዬ ቅርፊቱን አሳየሁት። ጎንበስ ብሎ ዳሰሰው፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። «እውነትዎን ነው፣ ምንም የለበትም። ወረቀቱ ግን ረድፉን በሙሉ ነው የሚለው። እኔ ብተወው ነገ ሌላ ሰው ይልካሉ» አለኝ። ከኪሱ አውጥቶም አነበበልኝ። «የተንሰራፋ ይላል። ፈራሚ አምብሮዝ ሄይዉድ። ማነው እሱ?»

እኔ ነኝ አልኩት።

ሰውየው አንገቱን አከከ እንጂ አልሳቀም። ተነሥቼ ወንበሬን አጠፍኩ። ራሴ በፈረምኩበት ወረቀት ላይ ተቃዋሚ ሆኜ መቀመጥ አላወቅሁበትም። ቤሲ በሯ ላይ ቆማ ነበር፤ መጥታ ወንበሩን ተቀበለችኝ።

ጉቶው ከዳር እስከ ዳር ነጭ ነው፤ አንዲት የበሽታ ጥቁረት የለበትም። ቃሉ ትክክል ነበር፣ ዛሬም ቢሰጡኝ ያንኑ እጽፋለሁ። ይህን ስልሽ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ አልፌ ጸሎት ቤት አልሄድኩም።

አለቃው ከዛፍሽ ቀጥ ያለ ቅርንጫፍ መርጦ ከቤቴ በር ላይ አስደግፎልኝ ሄደ። ከዘራ ላደርግልሽ ልጬ እጀታውን በእንፋሎት አጥፌዋለሁ፤ እስከ ሜይ ይደርቃል። ቁመትሽ ስንት እንደቀረ ስለማላውቅ ጫፉን አልቆረጥኩትም። ስትመጪ ለክቼ እቆርጠዋለሁ።

ኮሊንን ሳሉን ችላ እንዳይል ንገሪልኝ። ልጅሽን ሩትን በጣም ሰላም በይልኝ፣ የላከችው የሱፍ ካልሲ ልክ ሆኖኛል። ባሏን ኬትን፣ ትንሿን ፍሎራንም ሰላም በይልኝ። ቤሲ ኦቲዌልም ሰላም ብላሻለች፤ ክፍልሽን ካሁኑ ማናፈስ ጀምራለች።

ወንድምሽ አምብሮዝ

ሃሎውዴል፣ ደርቢሽር
ፌብሩዋሪ 26 ቀን 2019