አበባ ስለተተከለባት ጀልባ ለጓድ ሊቀመንበር

አሰብ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አባተ ይርጋለም
የቀበሌያችን ሊቀመንበር
በጽሕፈት ቤቱ የማስታወቂያ ሰሌዳ

ጉዳዩ፦ ለተደረገልኝ ሁሉ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ይህ የጥቅምት ነፋስ ዓይንዎን አላስቸገረዎትም? ወይዘሮ ታደለችስ፣ ልጆችስ ደኅና ናቸው? እኔና ባለቤቴ ትርፌ ግድግዳ ለግድግዳ የምንዋሰንዎ እንደ መሆናችን ሳልዎን እንኳ ስለምንሰማ፣ ደኅና መሆንዎን እናውቃለን፤ ሰላምታ ሳያስቀድሙ ወደ ጉዳይ መግባት ነውር ስለሆነ ነው የጠየቅሁት።

ባለፈው ቅዳሜ በስብሰባችን ላይ፣ ሂስ ያለው ነዋሪ ሁሉ ስሙንና ፊርማውን አኑሮ በዚህ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ በጋበዙት መሠረት፣ እኔ ንዋይ አበጀ፣ የነዳጅ ማጣሪያው የፓምፕ መካኒክ፣ የመጀመሪያው ተጋባዥ ለመሆን በቅቻለሁ። ዘጠኝ ዓመት «አንተ» ተባብለን የኖርን ሰዎች ስንሆን ዛሬ «እርስዎ» ማለቴን እንደ ቅያሜ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ እላለሁ። ወዳጄ ስለነበሩ ብቻ ሹመትዎን ችላ ብዬ መኖሬ ስለጸጸተኝ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ሰሌዳውን ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ጉዳዩን ከመነሻው ላስረዳ። የበይሉል መንደሩ ዓሣ አስጋሪ ጋሽ ዓብዱልቃድር ስድስት ሜትር የምትረዝም የፋይበርግላስ ጀልባ ነበረቻቸው። ከአለት ጋር ተጋጭታ ጎኗ ተሰንጥቆ አራት ዓመት አሸዋ ላይ ተጥላ ስትቀር፣ እርሳቸው ከስድሳ ዓመታቸው በኋላ በሰው ጀልባ ላይ መረብ ጎታች ሆኑ። ጠግኜ እመልስልዎታለሁ አልኋቸው፤ እርሳቸውም በአደራ ሰጡኝ። በካሚዮን አስጭነን፣ የግቢዬን አጥር አፍርሰን አስገባናት። አጥሩን ያፈረስነው እኔና እርስዎ ነበርን።

ሥራው አሥራ አራት ወር ፈጀ። የተጎዳው ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ ይነጠፍበታል፤ በላዩ ሙጫ ከማጠንከሪያው ጋር ተበጥብጦ ይቀባል። ሙጫው የአሰብን ፀሐይ ካየ እዚያው ጣሳው ውስጥ ድንጋይ ስለሚሆን፣ ጎሕ ሲቀድ ጀምሮ ከሁለት ሰዓት በፊት መጨረስ ግድ ነው። ብናኙ ገላ ያሳክካል፤ ትርፌ አንሶላችንን ስንት ጊዜ እንዳጠበች እርሷ ትቍጠረው። በእነዚያ ንጋቶች ሁሉ ጣሳ ይዘውልኝ የቆሙት እርስዎ ነዎት። «ጀልባችን» ይሉ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ አልዋሽም።

ሥራው ሊያልቅ በተቃረበበት ወር፣ ጋሽ ዓብዱልቃድር ከዓርብ ጸሎት በፊት ሊያዩአት በማለዳ የመጡ ዕለት፣ እርስዎ በጀልባዋ አፍንጫ በኩል ውስጥ ገብተው ሲያጎነብሱ አዳልጦዎት ቀኝ መዳፍዎን እርጥቡ ሙጫ ላይ አሳረፉ። ላስተካክለው ስል ከለከሉኝ። «ተወው ንዋይ። ጋሽ ዓብዱልቃድር፣ ይህ ፊርማዬ ነው፤ ጀልባዎ ባሕር እስክትገባ ድረስ ምስክር ነኝ» አሉ። ትርፌ እጅዎን በላምባ ስታጥብልዎ ሁላችንም እንስቅ ነበር።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቍጥር ላቅርብ።

1ኛ. ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ቀበሌዎች ሁሉ ምርታቸውን በካሚዮን ጭነው እንዲሰለፉ በታዘዘ ጊዜ፣ እርሻም ፋብሪካም የሌለው ቀበሌያችን እንዳያፍር በማሰብ፣ እኔ ፈረቃ ላይ ሳለሁ አምስት ጥበቃዎች ይዘው መጥተው ጀልባዋን ስላስወጡልኝ አመሰግናለሁ። ለባለቤቴ «ንዋይ ፈቅዷል» ብለው ከጭንቀት አድነዋታል። እኔን ደግሞ ከሥራ ስመለስ መንገድ ላይ አግኝተው «ነገ ለምሳ ትመለሳለች» ብለውኛል፤ የየትኛው ዓመት ምሳ እንደሆነ አለመጠየቄ የራሴ ስንፍና ነው። ሰልፉንም ዳር ቆሜ አይቻለሁ። ዓሣ አስጋሪ ሆነው የቆሙት የቀበሌው ጸሐፊና ሁለት የኅብረት ሱቅ ሠራተኞች ሲሆኑ፣ ጸሐፊው መረቡን እንደ ነጠላ አጣፍተውት ነበር። ጋሽ ዓብዱልቃድር የደንብ ልብስ ስለሌላቸው በገዛ ጀልባቸው ላይ ለመቆም እንደማይበቁ ማንም አላጣውም።

2ኛ. ጀልባዋ ካሚዮኑ ላይ እንዳትንቀሳቀስ በሚል፣ ሆዷን በትራፓኖ አሥራ ሁለት ቦታ አስበስተው ከካሚዮኑ ወለል ጋር በቡሎን ስላሰሩልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በወደብ ከተማ ገመድ ከየት ይገኛል? ጥበቃዎቹን አልወቅስም። አብዛኞቻችን ባሕርን ያየነው ጎልምሰን ነው፤ ለደጋ ልጅ ጀልባ ማለት ጎማ ያልተገጠመለት ካሚዮን ነው፣ እንደ ካሚዮን ሳጥንም በቡሎን ያጠብቃታል። እርስዎ ግን ሙጫው ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል አረፋ ባገኘሁ ቍጥር ሙሉውን ቦታ እንደገና ስፍቅ ጣሳውን ይዘው አጠገቤ ነበሩ። አረፋዋ ለምን እንደምታስፈራኝ ጠይቀውኝ፣ ውኃ በእርሷ በኩል እንደሚገባ አስረድቼዎታለሁ። የሚበሱትን ቦታዎች በጠመኔ ምልክት ያደረጉላቸው እርስዎ እንደሆኑ ከጥበቃዎቹ በሰማሁ ጊዜ፣ ትሕትናዬ ትንሽ ተደናቅፏል። በጣም ነው ያዘንሁብዎት።

3ኛ. ቀበሌያችን በሰልፉ ሦስተኛ በመውጣቱ፣ ጀልባዋ ለመታሰቢያ በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ እንድትቀመጥ፣ አፈር እንድትሞላና አበባ እንዲተከልባት መወሰንዎን በደስታ ሰምቻለሁ። ቅሬታዬን ላሰማ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜም ቀዳዳዎቹ አበባው ውኃ እንዳይቋጥር እንደሚጠቅሙ አስረድተውኛል። ይህን አስቀድሜ ባውቅ ኖሮ አሥራ አራት ወር ባልደከምሁ፤ ያን ጊዜ እኮ ቀዳዳ ነበራት። አበባው በአራተኛው ቀን ደርቋል። የእኔ ጥፋት እንዳልሆነ በዚህ አጋጣሚ ላሳውቅ።

4ኛ. የመጨረሻው ትልቁ ነው፤ በተራ ቍጥር መጻፉም ያንስበታል። ጋሽ ዓብዱልቃድር በበዓሉ ሳምንት ስለ ጀልባቸው ሊጠይቁ ከበይሉል ሲመጡ መጀመሪያ ያገኙት እርስዎን ነው። እንደ አፋር ወግ ቆመው ዳጉ ጠየቁዎት። በአሰብ የሚኖር ሰው ሁሉ ዳጉ ምን እንደሆነ ያውቃል፦ ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፤ የግመል መጥፋት ቢሆን የሰው ሞት፣ አገሩ የሚኖረው በዚያ ወሬ ነው። በዳጉ የዋሸ ሰው ሁለተኛ አይሰማም። እርስዎም ወጉን ያውቁታል፤ ያስተማሩን እርሳቸው ናቸው፣ እዚያችው ጀልባ ጥላ ሥር ተቀምጠን። ታዲያ ወጉን አክብረው፣ ጤናቸውን ጠይቀው፣ «ንዋይ ጀልባዋን በገዛ ፈቃዱ ለመንግሥት ሰጥቷታል» አሏቸው።

ጋሽ ዓብዱልቃድር ከዚያ ወደ ቤቴ መጡ። አልገቡም። ደጅ ቆመው፣ ሰው በዳጉ ሊዋሽ እንደማይችል ስለሚያምኑ፣ ለምን እንዲህ እንዳደረግሁ ብቻ ጠየቁኝ። አልሰጠሁም፣ ከቤቴ ወሰዷት ብዬ ብነግራቸውም፣ ከሁለታችን አንዱ ዋሽቷል ማለት ነው፤ እርስዎ በዳጉ ተናግረዋል፣ እኔ ደግሞ ተከሳሽ ነበርሁ። ትርፌ ያቀረበችላቸውን ሻይ «አላህ ይስጥሽ» ብለው ሳይቀምሱት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ዓርብ ዓርብ ለጸሎት ሲመጡ በሌላ መንገድ ያልፋሉ።

ክቡር ሆይ፣ ለቀዳዳው አላለቅስም። አሥራ ሁለቱን ቀዳዳ በአንድ ሳምንት እደፍነዋለሁ፣ ሙጫም ተርፎኛል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይላሉ፤ እኔ በእኚያ ሰው ዓይን አደራ በላ ሆኜ መኖር አልቻልሁም። ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው ጀልባዋን እንኳ አይደለም። አንድ ቀን ወደ በይሉል ወርደው፣ በጋሽ ዓብዱልቃድር ፊት ቆመው፣ እውነተኛውን ዳጉ እንዲነግሩልኝ ብቻ ነው። ማን ያውራ የነበረ አይደል የሚባለው? እርስዎ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነበሩ። ሥራ የሚበዛብዎት እንደሆነ አውቃለሁ፤ የደረቀውን አበባ ውኃ ማጠጣቱ እስኪመለሱ ድረስ በእኔ ይሁን።

በመጨረሻም ሊቀመንበርነትዎ እንዲጸና፣ ሳልዎ እንዲሻልዎ፣ ከእኔም የተሻለ ጎረቤት እንዲገጥምዎ እየተመኘሁ፣ ለዘጠኝ ዓመት ወዳጅነትና ለአንድ ቀን ሰልፍ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

አጥሩን ገና ያላቆመው ጎረቤትዎ፣
ንዋይ አበጀ (ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለጋሽ ዓብዱልቃድር፣ በይሉል። በልጃቸው በመምህርት ዙሌይኻ በኩል በአፋርኛ እንዲነበብላቸው።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ከፈረቃ ስወጣ በጽሕፈት ቤቱ በኩል አልፌ፣ በጀልባዋ አፍንጫ ያለውን አፈር በእጄ ጭሬ አየሁ። መዳፉ አለ፤ አምስቱም ጣት እንዳለ ነው። የራሴን እጅ ባስቀምጥበት አልገጠመም። ዙሌይኻ በሚመጣው ዓርብ ከጸሎት በኋላ አባቷን ወደዚያ ታመጣቸዋለች። በይሉል ከራቀህ አባተ፣ ከቢሮህ ደጃፍ አይርቅህም፤ ቀኝ እጅህን ይዘህ ና።