ወርቅማው የጉለይል መስኮት

ሰዒዴ፣ አላህ ይዘንልህና፣ ከተለየኸን አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። የኮምቦልቻው ቤታችን ቆርቆሮ ተቀይሯል። ስትሞት በሆዴ የነበረችው ሐያት ስድስተኛ ክፍል ገብታለች። ሰሞኑን ስለ ብርሃን ተምራ መጣችና፣ አባቷ ጅዳ ምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀችኝ። የሕንፃ መስኮት ላይ ላስቲክ ይለጥፍ ነበር አልኳት። ከዚያ ወዲህ ግራ እንደገባኝ አለሁ።

የሳዑዲ ፖሊስ አፈሳ ሲጀምር ኢቃማችን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን፣ ከምንሠራለት ሌላ በሆነ ከፊል፣ ማለትም አሠሪ፣ ስም ስለነበር ጉለይል ሰፈር ካለችው ክፍላችን መውጣት ፈራን። ከሥራ የተረፈህን ላስቲክ መስኮታችን ላይ ለጠፍክ። ከውጭ ሲያዩት ወርቅማ መስታወት ነው፤ ከውስጥ ግን መንገዱ አረንጓዴ ሆኖ ይታየን ነበር። አንድ ነገር እንዴት ሁለት ቀለም ይኖረዋል ብልህ፣ «መሃሉ ላይ ብረት አለ። በጣም ስለሳሳ ብርሃኑን ግማሹን ይመልሳል፣ ግማሹን ያሳልፋል» አልከኝ። እኔ የገባኝ ማንም እንደማያየን ብቻ ነበር።

ያን ቀን መግሪብ ሲቃረብ ምስር እለቅም ነበር። አልታይ ሲለኝ አምፖሉን አበራሁ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች በሩን ደበደቡ። አብሮን የሚኖረው ወንድሜ ኑሩ «መብራቱን ማነው ያበራው?» ብሎ ጮኸ። አንተ ለሶላት ውዱእ ስታደርግ ቆይተህ፣ እጅህ ውሃ እያንጠባጠበ ወጣህና «እኔ ነኝ» አልክ።

እኔ ዝም አልኩ።

ሦስታችንንም ወደ ሹመይሲ ማቆያ፣ ከዚያም ወደ አገር ሸኙን። ኑሩ አኮረፈህ። ታመህ የሞትክበት አልጋ ላይ እስክትተኛ ድረስ ቃል አልተነፈሰልህም። እኔም እያየሁ እውነቱን ደበቅኩት።

አሁን ሐያት መምህሯን ጠይቃ መጣች። ላስቲኩ ወገን አይለይም አሉ፤ ደመቅ ያለ ብርሃን ካለበት ወገን ያለው ሰው ነው የሚታየው፤ ሲመሽ መብራት ያበራው ማለት ነው። አንተ ይህን ታውቅ ነበር። ለምን አልነገርከኝም? ወይስ ነግረኸኝ አልሰማሁህም? ደግሞስ የመጡት መብራቱን አይተው ነው ወይስ ሰው ጠቁሟቸው? «እኔ ነኝ» ያልከው ልታድነኝ ነው ወይስ ሳታስጠነቅቀኝ በመቅረትህ ጥፋቱ ያንተ መስሎህ? ባሰላስለው ባሰላስለው አንዱም አልጨበጥ አለኝ።

ትናንት መብራቱን ያበራሁት እኔ መሆኔን ለኑሩ ነገርኩት። «አንቺ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ በማግስቱ እረሳው ነበር» አለኝና ወደ መቃብርህ ሄደ።

ሌላው ቢጠፋኝም ይህን ግን እስክሞት አልረሳውም፣ ለሐያትም እነግራታለሁ፦ አባትሽ መብራቱን አላበራም።

ዘይነባ