ለሁሉም «ልክ ነህ» ለሚሉት ሥራ አስኪያጅ፦ ስለ ጀልባዋና ስለ ሲሚንቶው

ለክቡር አቶ አዘዘ ሕዝቅኤል
የምሥራቀ ፀሐይ ጀልባ ማመላለሻ ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፥ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ደም ግፊትዎ፥ ወገብዎ፥ ወደ ገባው ሰው ሁሉ የሚዞረው ያ ተዟዟሪ ወንበርዎስ ደኅና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ መንገደኞቻችንም፥ በእርስዎ ባይሆን በእርሱ ቸርነት፥ በሕይወት አሉ።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ ሰሞኑን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ፎቶግራፍዎ ነው። «በሥራ ቦታ ግጭትን በመፍታት ላሳዩት የላቀ የአመራር ክህሎት» የሚል ምስክር ወረቀት ይዘው ፈገግ ብለዋል። ታዲያ እኔ ትኬት ቆራጯ ሔራን ብሥራት፥ ያ ግጭት ሲወለድም ሲቀበርም ወደቡ ላይ ካለችው መስኮቴ ሆኜ ያየሁ ሰው፥ ይህን የሚያህል ሙያዎ በአንድ መሥመር ብቻ ተጽፎ መቅረቱ ቢከነክነኝ ገድልዎን በዝርዝር ለሕዝብ ላቀርብ ወሰንሁ።

አንደኛ፥ ግጭቱን ስለ ወለዱልን አመሰግንዎታለሁ። ካፒቴን ገብረ ኪዳንና የጭነት ኃላፊው ደሞዝ ድሮም የሚዋደዱ ሰዎች አልነበሩም፤ ይህን አልክድም። ገብረ ኪዳን የደቅ ደሴት ልጅ ነው፤ ከአባቱ ጋር ታንኳ እየቀዘፈ ያደገ በመሆኑ ጀልባዋ ከልክ በላይ ውኃ ውስጥ ስትገባ ካየ ፊቱ ይጠቁራል። ደሞዝ ደግሞ ከሐይቁ ማዶ የቁንዝላ ሰው ነው፤ የዚያን አገር መንገድ ክረምት ሲያበላሸው ዕቃ የሚሄደው በጀልባ ብቻ ስለ ሆነ ነጋዴው ሁሉ የሚጮኸው በእርሱ ላይ ነው፤ ዕቃ ወደብ ላይ አድሮ ዝናብ ሲመታውም ስድቡን የሚጠጣው እርሱ ነው። አንዱ «በዛ» ሲል ሌላው «ይችላል» ይላል። ሁለቱም የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ የጠፋው «እንዲህ ይሁን» የሚል አንድ ሰው ነበር። ወላጆችዎ «አዘዘ» ብለው ስም ሲያወጡልዎ ይህን ቀን አስበው ይሆናል፤ የወላጅ ምኞት ሁሉ ግን አይሰምርም።

ኋላ ከሁለቱም አፍ እንደ ሰማሁት፥ ገብረ ኪዳን አንድ ጠዋት ቢሮዎ ገብቶ «ጋሽ አዘዘ፥ ሲሚንቶና ሰው አንድ ላይ አልጭንም» ቢልዎ፥ «ልክ ነህ፤ ያለ አንተ ፈቃድ አንድ ከረጢት አይጫንም» አሉት። ከምሳ በኋላ ደሞዝ ገብቶ «ነጋዴዎቹ ጥለውን ሊሄዱ ነው» ቢልዎ፥ «ልክ ነህ፤ ጫን፤ ማንም አያግድህም» አሉት። ሁለቱም ደስ ብሏቸው፥ እርስዎንም መርቀው ወጡ። በማግሥቱ ግን በተሸካሚውና በመንገደኛው ፊት ተፋጠጡ።

«አቶ አዘዘ አይጫን ብለዋል!»

«ኧረ ተው! ጫን ያሉኝ ራሳቸው ናቸው!»

«ውሸታም!»

«ውሸታምስ አንተ!»

ሰው በሲሚንቶ ተጣልቶ ሲታረቅ አይተናል፤ በአደባባይ ውሸታም የተባለ ሰው ግን ቂሙን ይዞ ይተኛል። ያን ቀን እጅ ለእጅ ሊያያዙ ሲሉ ተሸካሚዎቹ ገላገሏቸው። እርስዎም ጩኸቱን ሰምተው በመስኮትዎ ብቅ አሉ፤ አዩና መጋረጃውን ሳብ አደረጉ።

ሁለተኛ፥ ስለ ሥልጠናው። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ እርስዎ በሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ የግጭት አፈታት ሥልጠና ወስደው «ግጭት ለዕድገት» የሚል ቲሸርት ለብሰው ተመለሱ። ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስበው ኬክ አስመጡ፤ ሁለቱን ባላንጣዎች አንድ ቢላ በጋራ አስያዙና «ቁረጡ፥ ተቃቀፉ፥ ወደ ካሜራው ተመልከቱ» አሏቸው። እነርሱም አንድ የሬሳ ሣጥን እንደሚሸከሙ ሰዎች ጎን ለጎን ቆሙ። ደሞዝ ቢላውን እንደያዘ «ታዲያ ነገ ልጫን ወይስ አልጫን?» ብሎ ሲጠይቅዎ፥ «ዛሬ የደስታ ቀን ነው፤ ዝርዝሩን ተዉት» ብለው የኬኩን አበባ ያለበትን ጥግ ለራስዎ አነሡ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ሆነ። አንዱ «ያን ሰውዬ ጀልባዋ ልትነሣ ነው በይው» ይለኛል፤ ሌላው፥ እጁን ቢዘረጋ ትከሻውን የሚነካው ቦታ ቆሞ፥ «ያን ሰውዬ ገና ነው በይው» ይለኛል።

ሦስተኛ፥ ክቡር ሆይ፥ እዚህ ላይ ቀልድ እምቢ ይለኛል። ነፋሻማ ቀን ነበር። ወደ ደቅና ወደ ቁንዝላ ለሚሄዱት ሰዎች ትኬት ቆርጬ ጨርሻለሁ፤ ወደ ደቅ የሚመለሱት መርጌታ ፅጌ ማርያም አሉ፤ ሕፃኗን በነጠላ የጠቀለለች እናት አለች። ደሞዝ ሲሚንቶውን ጭኗል፤ እርሱም ወደ ቤቱ ሊሄድ ተሳፍሯል። ገብረ ኪዳን ጀልባዋን አየና ስልኩን አውጥቶ ደወለልዎ። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎት ነበር። የእርስዎም ቃል ይህ ነበር፦ «ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ተነጋግራችሁ ፍቱት፤ በእናንተ እተማመናለሁ።» ስልኩ ተዘጋ። ተሳፋሪው «መሸብን» እያለ ያጉረመርማል። ገብረ ኪዳን አማተበና ሞተሩን አስነሣ።

የሆነውን የነገሩኝ መርጌታ ናቸው። ደቅ ከርቀት መታየት ስትጀምር ማዕበሉ ከጎን መጣ፤ ውኃው ወደ ውስጥ መግባት ጀመረ፤ ጀልባዋም አጋደለች። ያን ጊዜ ገብረ ኪዳን ከዚያ ሁሉ ኩርፊያ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠራው፦ «ደሞዝ! ከቀኝ ጣል! ከቀኝ ብቻ!» ደሞዝም ራሱ ያስጫነውን ሲሚንቶ እየነጠቀ ወደ ሐይቁ ወረወረ፤ ጥፍሩ ተነቅሎ ደሙ እየፈሰሰ አላቆመም። መርጌታም ጋቢያቸውን ጥለው አብረውት ወረወሩ። ያች እናት ልጇን ከአንገቷ በላይ አንሥታ ይዛ ትጮኽ ነበር። ጀልባዋ ቀና አለች፤ ገብረ ኪዳን አፍንጫዋን ወደ ማዕበሉ እንዳዞረ ቀስ አድርጎ ደቅ አደረሳት። ማንም አልሞተም።

ዳር ላይ ከደረሱ በኋላ ገብረ ኪዳን ቀርቦ ደሞዝን ጠየቀው፦

«እስቲ በሞቴ፥ ጫን ያለህ ማን ነው?»

«አቶ አዘዘ። አንተንስ አይጫን ያለህ ማን ነው?»

«አቶ አዘዘ።»

«ከዚያ ደሞዝ እንደ ሕፃን አለቀሰ» አሉኝ መርጌታ። «ገብረ ኪዳን ጋቢዬን ተቀበለኝና ትከሻው ላይ ጣል አደረገለት።»

አራተኛ፥ ስለ ጀግንነትዎ። ወሬው ሲደርስዎ ለሁለቱም ለየብቻ ደወሉ። ለካፒቴኑ «ጥፋቱ የደሞዝ ነው ብለህ ጻፍልኝ፥ አንተን አድንሃለሁ» አሉት፤ ለደሞዝም ያንኑ ቃል፥ ስሙን ብቻ ቀይረው። ሁለቱ ከደቅ በተመለሱ ማግሥት ጠዋት ትከሻ ለትከሻ ሆነው የቢሮዎን ደረጃ ሲወጡ ሠራተኛው ሁሉ ከኋላ ተከተለ፤ በሩም ክፍት ነበር።

«አንድ በአንድ ብትገቡ ይሻላል» አሉ።

«አይሻልም፥ ጋሽ አዘዘ» አለ ገብረ ኪዳን። «ዛሬ የሚሉንን ሁለታችንም እኩል እንስማው።»

«ለማናችን ነው የፈቀዱት?» አለ ደሞዝ፥ የተጠቀለለ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ።

አንዱን አዩ፤ ሌላውን አዩ፤ ውኃ ጠጡ። ከዚያም «ነገሩን በሂደት እናየዋለን» አሉ። ክቡር ሆይ፥ እኔ በሕይወቴ ብዙ ፈሪ አይቻለሁ፤ ሐይቁን የሚፈራ፥ ጅብ የሚፈራ፥ ሚስቱን የሚፈራ። «አዎ»ንና «አይደለም»ን የሚፈራ ሰው ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ሁለቱ ከቢሮዎ ወጥተው ነገሩን እዚያው ደረጃው ላይ ጨረሱት። የጭነቱ ነገር የካፒቴኑ ቃል ይሁን፤ ሲሚንቶ ሰው በሌለበት ጉዞ ይሂድ፤ የነጋዴውን ጩኸት ሁለቱም አብረው ቆመው ይስሙ አሉና ተጨባበጡ። ፎቶ ያነሣቸው የለም። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ሰላም ነው፤ እርስዎም ይህንኑ ሰላም በሪፖርት ጠቅልለው ወደ ላይ ላኩና ተሸለሙበት።

እንግዲህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፥ ይህን በማንበብ ያጠፉት ውድ ጊዜ ከስብሰባዎ ላይ የሚቀነስ እንዳይሆንብኝ እየሠጋሁ፥ ምስክር ወረቀትዎ ፀሐይ እንዳያደበዝዘው፥ መጋረጃዎም ዘወትር እንደ ተሳበ እንዲኖር ከልብ እየተመኘሁ፥ ከሥራ ቢያባርሩኝ እንኳ ውሳኔ መስጠት ለመዱ ብዬ ደስ እንደሚለኝ በትሕትና እያረጋገጥሁ እሰናበትዎታለሁ።

የመሥሪያ ቤትዎ ታናሽ ሠራተኛ
ሔራን ብሥራት
ከትኬት መስኮቱ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው እሑድ የደሞዝ ወንድ ልጅ ቁንዝላ ላይ ክርስትና ይነሣል፤ የክርስትና አባቱ ገብረ ኪዳን ነው። ሠራተኛው ሁሉ ተጠርቷል፤ እርስዎ ግን አልተጠሩም። ተቀይሞዎት እንደ ሆነ ብጠይቀው ደሞዝ እንዲህ አለኝ፦ «ኧረ አልተቀየምሁም። ለመቀየምም እኮ ሰውየው አንድ ቦታ መቆም አለበት።»