አባቴ ከወዳጃው የተነሳ ቀን

እማዬ፣ ከተለየሽን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርግልሽ። ቤታችን ደህና ነው። ከባቲ ገበያ የገዛሻት ላም ወልዳለች፤ ታናሽ ወንድሜ ጥጃዋን በስምሽ ካልጠራሁ ብሎ አስቸግሮን ነበር። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ ምላሴ እንደሆነ አላጠረም።

የምጽፍልሽ ግን ስለታመምኩበት ቀን ነው። ሐሙስ ዕለት ሆዴን በቀኝ በኩል ወጋኝ። አንቺንም እንዲሁ ነበር የጀመረሽ። ያኔ ጎረቤቱ ለወዳጃ ጸሎት ተሰብስቦ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ዱዓው እስኪያልቅ ሐኪም ቤቱ ይቆይ ተባለ። ስናደርስሽ ሐኪሙ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን ኖሮ አለን። አባቴ ስለዚያ ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። እኔም አኩርፌው ነበር፤ እውነቱን ልንገርሽ፣ ምግብ ሳቀርብለት እንኳ ፊቱን አላየውም።

ሕመሙ ሲጠናብኝ ቤታችን እንደገና ወዳጃ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሲመርቁ እኔ ጓዳ ውስጥ አቃሰትኩ፤ አባቴ ሰማኝ። ምርቃት ሳያልቅ ከወዳጃ የሚነሳ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ተነሳ። እናንተ ዱዓ አድርጉልን፣ እኛ እንሂድ ብሎ በባጃጅ ወደ ከሚሴ ሆስፒታል ይዞኝ በረረ። ሽማግሌውም ደግ ናቸው፤ እስከ በር ወጥተው አሚን አሰኙልን።

ድንገተኛ ክፍል ስገባ ፈራሁ። ጉሉኮስ ሲሰቅሉልኝ ያንቺ አልጋ ታየኝ። ነርሷ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አባቴን ትታ እኔኑ ጠየቀችኝ፤ የቱ ጋ እንደሚያመኝ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ። ሰው እንዲህ ረጋ ብሎ ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነው። መፍራቴን አይታ ሂን ሶዳቲን፣ አትፍሪ እያለች፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው እየቀላቀለች እጄን ያዘችኝ። ሐኪሙም መጥቶ ትርፍ አንጀት ነው፣ በጊዜ መጥታችኋል አለ። ይሄን ሲሰማ አባቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። በማግስቱ አባቴ ሾርባ በማንኪያ ሊያጠጣኝ ሞክሮ ግማሹን አንገቴ ላይ አፈሰሰው። እናትሽንም እንዲህ ይዣት ሮጬ ቢሆን ኖሮ አለኝ። እኔም ካንቺ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁት። አርጅቷል፣ እማዬ።

አሁን ድኛለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። ወዳጃ በተቀመጠ ቁጥር ስምሽን አስጠራለሁ፤ በሕይወት እስካለሁ አልረሳሽም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ አባቴን አፉ በይው፣ ይቅር በይው። እኔ አፉ ብዬዋለሁ።