ጄቱ ያረሰው ማሳ

ግንቦት 4
እርሻ ተጀመረ። ትራክተሩን የሚነዳው ያው ዋርሳዬ ነው፤ እኔ “ጄት” የምለው። ግማሹን ማሳ ጨርሶ ለምሳ ደረሰ! የቀረው ናፍጣ እስኪመጣ ይቆያል።
“እትዬ፣ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይተሽ ታውቂያለሽ?”
ዶሮም ስትጭር ፈጣን ናት፣ አልኩት። ባሌ ሳቀ... የፈረደው ግን ለወንድሙ ነው። መቼስ ለኔ ፈርዶ ያውቃል?

ግንቦት 5
ጄቱ የእርሻውን ጥልቀት ለካ። የት? ዳር ላይ፣ ቦዩ አጠገብ! እዚያ አፈሩ እርጥብ ነው፤ ደግሞ ሊዞር ሲል ቀስ ይላል። ማረሻው ለምን አይጠልቅ? የመለኪያውን ብረት ሰክቶ “ይኸው!” ይላል። ቀማሁትና መሀል ማሳ ገባሁ። ደረቅ፣ እንደ ሲሚንቶ። ግማሽ ስንዝር እንኳ አልገባ አለ። እሱ ሲከንፍ ማረሻው ላይ ላዩን ሲንሳፈፍ ነው የዋለው።
“ሴት በትራክተር ምን አገባት?” አለ።
ያንተስ ማረሻ የት ገባ?

ግንቦት 6
ባሌ ቁርጡን ነገረኝ። ዓምና ካሮቱ አጥሮ፣ ተጣሞ፣ ነጋዴው ሳያነሳው ሄደ። “ዘንድሮም ካጠረ መሬቱን ለጎረቤት አከራየዋለሁ።”
አሥራ ሰባት ዓመት ወገቤ የጎበጠበትን! ካሮቱ ሥሩን የት ይስደድ... ሲሚንቶ ሰንጥቆ?
ንዴቴን በልብስ አጠባ ተወጣሁት። የባሌ ሸሚዝ ቁልፍ ተነቀለ። ይበለው።

ግንቦት 10
ትናንት ዘነበ። ናፍጣውም መጣ። ጄቱ በጠዋት ሞተር አስነሳ። ቆይ አልኩት። አፈሩን ብጨብጠው እንደ ሊጥ እጄ ላይ ተጣበቀ። “ጎማህ ይሰምጣል።” አልሰማ አለ። ሰመጠ። ወንድማማቾቹ ሲገፉ ዋሉ። ሻይ እንኳ አልወሰድኩላቸውም።
እሺ... ወሰድኩ። ስኳሩን ግን ቀነስኩት።

ግንቦት 12
ዛሬ አፈሩን ብጨብጠው ፍርክስ አለ። በል እንግዲህ አልኩና ትራክተሩ ላይ፣ ከጎኑ ወጥቼ ተቀመጥኩ።
“በሁለተኛ ማርሽ። በዝግታ።”
“እትዬ፣ ቀብር ነው እንዴ የምንሸኘው?”
“አዎ፣ ያንተን ጉራ።”
በየሃምሳ እርምጃው ወርጄ ብረቱን ሰካሁ። ዳሩም መሀሉም እኩል! እሱ ሲከንፍ ያረሰውም ግማሽ ይደገም ብል፣ ባሌ “የታረሰ መሬት ምን ይታረሳል?” አለኝ። ታረሰ አሉ!

መስከረም 8
ካሮት ነቀልን። እኔ ያሳረስኩት ቀጥ ብሎ፣ ረዝሞ ወጣ፤ ነጋዴው አንድ ሳያስቀር ጫነው። የጄቱ... የሕፃን ጣት። ለላሞቹ ተሰጠ።
ባሌ ጎረቤት ዘንድ ሄደ። እንዴት ፈራሁ! ተመልሶ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ “አላከራይም አልኩት” አለኝ። ወንድሙንም ጠርቶ፣ “ከእንግዲህ የሚታረስበትን ቀንም ፍጥነቱንም የምትወስነው እሷ ናት” አለው።
ጄቱ አኮረፈ። ያኩርፍ። ኩርፊያው ምሳ ከመብላት አላገደውም፤ ሁለቴ አስጨመረኝ።